ልጅ ለማን አደራ ይሰጣል?

ተጠራጣሪዋ፦ አንድ ነገር ከመነሻው ይለይልን። ፊልም ጥቂት ሰው ስላየው ብቻ ጥሩ ነው አይባልም። ሎጅ ኬሪጋን ጽፎ ያዘጋጀው «ኪን» እ.ኤ.አ. በ2004 በፌስቲቫሎች ታየ፣ በቀጣዩ ዓመት አሜሪካ ውስጥ ጥቂት ሲኒማ ቤቶች አሳዩት፣ ከዚያ ተረሳ። ወዳጆቹ መረሳቱን እንደ ሰማዕትነት ይቆጥሩለታል። እኔ የማየው ግን አንድ ሰው አውቶቡስ ጣቢያ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲል፣ ለብቻው ሲያወራ፣ ሲጠጣ፣ ሲደባደብ፣ ካሜራውም እግር በእግር ሲከተለው ነው። አጃቢ ሙዚቃ የለም፣ ታሪኩ ታጥፎ ሌላ መንገድ የሚይዝበት ቦታ የለም፣ መጨረሻ ላይም መልስ የለም። ገንዘብ ያጠረው ፊልም ሁሉ እጥረቱን ቁጥብነት ብሎ ሲጠራው አላምንም።

አድናቂው፦ በመጀመሪያው ነጥብ እስማማለሁ። ካልታዩት ፊልሞች አብዛኞቹ ለምን እንዳልታዩ፣ ሲያዩዋቸው ይገባል። ስለዚህ መረሳቱን እንተወውና ሥራውን እንመዝን። ላላየው ሰው ስንል ነገሩን በአጭሩ ላስቀምጠው። ዊልያም ኪን የስድስት ዓመት ሴት ልጁ፣ ኒውዮርክ ማንሃተን ውስጥ ባለው የፖርት ኦቶሪቲ አውቶቡስ ጣቢያ፣ አብራው ሳለች እንደተሰረቀችበት ይናገራል። ወራት አልፈዋል። እሱ ግን ወደዚያው ጣቢያ ይመላለሳል፤ የጋዜጣ ቁራጭ እያሳየ ትኬት ሻጩንም መንገደኛውንም ይጠይቃል፤ የዚያን ቀን አረማመዱን እየደገመ ጥፋቱ የቱ ጋ እንደነበር ይፈልጋል። የሚያድረው ርካሽ ሆቴል ውስጥ ነው። እዚያ ሊን ከምትባል የቸገራት እናትና ኪራ ከምትባል የሰባት ዓመት ልጇ ጋር ይተዋወቃል፤ ቀናት ሲያልፉ ሊን ልጇን አደራ ትለዋለች። ታሪኩ ይኸው ነው። የኔም ክርክር የሚነሣው ከዚህ አደራ ነው። ስለ አእምሮ ሕመም የሚሠሩ ፊልሞች እንደ ልማድ ተመልካቹን የሐኪም ወንበር ላይ ያስቀምጡታል፤ ሰውየው ታሟል ወይስ እውነቱን ነው፣ ሕመሙስ ምን ይባላል እያለ ይመረምራል። «ኪን» ያንን ወንበር ይነሣንና የጎረቤት በርጩማ ይሰጠናል። ጎረቤት የሰውየውን የሕክምና ካርድ አያይም። ያለው የሰውየው አፍ፣ የሰውየው ሥራና የራሱ ግምት ብቻ ነው፤ በዚያ ላይ ተመሥርቶ ልጁን ይሰጣል ወይም ይከለክላል።

ተጠራጣሪዋ፦ አነጋገሩ ያምራል፤ ግን አንድ ማታለል ይሸፍናል። ተሰረቀች የተባለችው የኪን ልጅ በእርግጥ ነበረች ወይስ አልነበረችም የሚለውን ደራሲው ያውቃል፤ ካላወቀም ማወቅ ነበረበት። ቁም ነገሩን ደብቆ «እናንተ ወስኑ» የሚል ሰው የራሱን ሥራ ለተመልካች እያሸከመ ነው። የሆሊውዱ «ኤ ቢዩቲፉል ማይንድ» ብዙ ነገር ሊባልበት ይችላል፤ ቢያንስ ግን ዕዳውን ይከፍላል። የቱ እውነት የቱ ቅዠት እንደነበረ ነግሮን ነው የሚያሰናብተን።

አድናቂው፦ ንጽጽሩን ስላመጣሽው ደስ አለኝ፤ ማታለሉ የቱ ጋ እንዳለ በደንብ ያሳያል። የሮን ሀዋርድ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2001 ወጥቶ የምርጥ ፊልም ኦስካር ወሰደ። የሒሳብ ሊቁን የጆን ናሽን ሕይወት ሲተርክ የሌሉ ሰዎችን ሥጋና ደም አልብሶ፣ መጀመሪያ እንዳሉ አድርጎ ያሳየናል። በሕይወት የነበረውን ናሽ ያስቸገሩት በዋናነት ድምፆች ነበሩ፤ በዓይን የሚታየው የዶርም ጓደኛ የፊልሙ ፈጠራ ነው። የተፈጠረውም ካሜራው ራሱ ዋሽቶን በኋላ ውሸቱን እንዲገልጥልን ነው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ተመልካቹ ከናሽ የበለጠ ያውቃል፤ ስለዚህ ያዝንለታል እንጂ አይፈራውም። «ኪን» ውስጥ የሌለ ነገር አንድም ጊዜ አይታይም። ወደ ኋላ የሚመልስ የትዝታ ትዕይንት የለም። የልጅቱ እናት፣ ፖሊስ ወይም ዘመድ መጥቶ «አዎ፣ እንዲህ ሆኗል» ሲል አንሰማም። ኬሪጋን ከዚህ ቀደም ልጅ ስለተሰረቀበት ቤተሰብ ሌላ ፊልም ቀርጾ ነበር፤ ኔጌቲቩ ሊጠገን በማይችል መልኩ ተበላሽቶ ሥራው ሁሉ ከንቱ ቀረ። ወደዚሁ ጉዳይ ሲመለስ ቤተሰቡን ትቶ አንድ ሰው ብቻ አስቀረ። ምስክሮቹን ሁሉ አሰናበተ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ሊን የምታውቀው የሰውየውን ቃል ብቻ ነው። እኛ እንዲያውም ከእሷ የበለጠ እናውቃለን፤ መጠጥ ቤት ውስጥ ሲጮህ፣ የጭፈራ ቤት መጸዳጃ ውስጥ ከማያውቃት ሴት ጋር ኮኬይንና ወሲብ ውስጥ ሲዘፈቅ፣ ልጄን የወሰደው ይህ ነው ብሎ በአንዱ ሰው ላይ እጁን ሲያነሣ አይተናል። ስለዚህ ሊን ልጇን ከትምህርት ቤት እንዲያመጣላት ስትጠይቀው፣ እሷ የማታውቀውን ብናውቅም ለመፍረድ የሚያስፈልገን ነገር ግን በእጃችን የለም። የፊልሙ ጭንቀት የሚሠራው በዚህ ክፍተት ነው። የልጅቱ መኖር አለመኖር ቢነገረን ክፍተቱ የተደፈነ ይመስለን ነበር፤ ኪራ ከእሱ ጋር ደኅና ትሁን አትሁን ግን ያኔም አናውቅም።

ተጠራጣሪዋ፦ እንግዲያው ጭንቀቱ ከምን እንደተሠራ እንነጋገር። አእምሮው የታመመ ሰው ከሕፃን ጋር ለብቻው ሲሆን የምንፈራው፣ ከልጅነት ጀምሮ «እብድ ይማታል» እየተባልን ስላደግን ነው። እውነቱ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሕመምተኞቹ ጥቃት ከማድረስ ይልቅ ጥቃት ሲደርስባቸው ይበዛል። ፊልምህ ይህን ጭፍን ፍርሃት አልፈጠረውም፤ ግን ይኖርበታል። ፍርሃቱን ብታወጣው ምን ይቀራል? አንድ ሰው አንዲትን ልጅ ከትምህርት ቤት ሲያመጣት።

አድናቂው፦ ይህ ከባድ ነው፤ በከፊልም እውነት ነው። ኬሪጋንም እንደሚያውቀው የመጀመሪያ ፊልሙ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1993 በሠራው «ክሊን፣ ሼቭን» ውስጥ ስኪዞፍሬንያ ያለበት ሰው ልጁን ፍለጋ ይወጣል፤ ከኋላው ደግሞ በሕፃን ግድያ የጠረጠረው መርማሪ ይከተለዋል። እዚያ የራዲዮ መንሿሿት፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ጩኸትና የተቆራረጠ ንግግር ወደ ሰውየው ጭንቅላት ያስገቡናል፤ ጥርጣሬውን ደግሞ መርማሪው ይሸከምልናል። ከአሥር ዓመት በኋላ ሁለቱንም ጣላቸው። በ«ኪን» ወደ ጭንቅላቱ አንገባም፤ መርማሪም ስለሌለ መጠርጠር የኛው ሥራ ሆኖ ይቀራል። ከዚያም ፊልሙ ጥርጣሬያችንን ሥራ ያስፈታዋል። ኪን ልጅቱን ከትምህርት ቤት ያመጣታል፣ በበረዶ ላይ ሊያንሸራትታት ይወስዳታል፣ ያጫውታታል። ምንም አይሆንም። ሌላ ፊልም ቢሆን ይህን ጊዜ በለስላሳ ሙዚቃ ሞልቶ «አትፍሩ፣ ደግ ሰው ነው» ይለን ነበር፤ ወይም ከጀርባ የሚያስበረግግ ድምፅ አስገብቶ «ተጠንቀቁ» ይለን ነበር። እዚህ ማንም አይነግረንም። ልጅቱ ትጫወታለች፣ እኛ ግን የምናየው የእሱን እጅ ነው። በዚያ ሰዓት መጋረጃው ላይ ከሚታየው ውስጥ የሚያስፈራ አንዳች ነገር የለም፤ ፍርሃቱን ይዘን የገባነው እኛ ነን። ይህን እንድናስተውል የሚያደርግ ፊልም በጭፍን ፍርሃት ላይ ይኖራል ከማለት ይልቅ ፍርሃቱን ለብርሃን ያወጣዋል ብል ይሻለኛል። ደግሞም በተቃራኒው ወገን ያለውን፣ ሕመምተኛ ሁሉ የዋህ ነው ማለት የሚወደውን ተመልካችም አያባብልም። ሰው ላይ እጁን ሲያነሣ አይተናል አልኩሽ። ጥርጣሬያችን ከንቱ ነው ብለን እንዳንተወው ማስረጃ ይሰጠናል፤ ማስረጃው በቃ ብለን እንዳንፈርድም ከኪራ ጋር ያለውን ሰዓት ይሰጠናል።

ተጠራጣሪዋ፦ ሌላውን ሁሉ ስታወድስ አሠራሩን ዘለልከው። ሰውን በእጅ በተያዘ ካሜራ አንገቱ ሥር ሆኖ መከተል የኬሪጋን ፈጠራ አይደለም። ቤልጅጋዊዎቹ ወንድማማቾች ዣን-ፒዬርና ሉክ ዳርደን እ.ኤ.አ. በ1999 በ«ሮዜታ» የካንን ፓልም ዶር የወሰዱት እንዲህ ቀርጸው ነው፤ በ2002 ደግሞ «ለ ፊስ»ን ሠሩ። እዚያ አናጢነት የሚያስተምር አባት፣ ልጁን የገደለበትን ወጣት ተማሪ አድርጎ ይቀበለዋል፤ ምን ሊያደርገው እንደሆነ ሳናውቅ እንጨነቃለን። ልጅ ያጣ አባት፣ በእጁ የገባ የሌላ ሰው ልጅ፣ ከጀርባ የማይለይ ካሜራ። ኬሪጋን ምን ጨመረ? ኪንን የሚጫወተውን ዴሚየን ልዊስን። ያ ሁሉ ማጉረምረም፣ ያ ሁሉ መቅበጥበጥ፤ ተዋናይ «ተመልከቱኝ» የሚልበት ሚና ነው።

አድናቂው፦ ዝምድናውን አልክድም። ግን «ለ ፊስ» ውስጥ ካሜራው በብዛት ከሰውየው ማጅራት ኋላ ነው፤ እሱ የሚያየውን እናያለን፣ ምስጢሩንም ብዙ ሳይቆይ እንሰማለን። «ኪን» ውስጥ ካሜራው፣ ቀራጩ ጆን ፎስተር ነው፣ ፊቱ ላይ ይጣበቃል። የሚያየውን ሳይሆን ሲያይ እናየዋለን። በጣቢያው ውስጥ ያ ሁሉ መንገደኛ ሲያልፍ ከመካከላቸው የትኛውን እንደጠረጠረ ለማወቅ ዓይኑን መከተል አለብን፤ ዓይኑ ደግሞ አያርፍም። የዳርደን ካሜራ ከሰውየው ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ይኸኛው ሰውየውን ይጠብቀዋል፣ በሁለቱም ትርጉም። ስለ ልዊስ ደግሞ መጠጥ ቤት ያለውን ትዕይንት እንውሰድ፤ «ተመልከቱኝ» ያልሽው ጎልቶ የሚታየው እዚያ ነው። የፎር ቶፕስ የ1965 ዘፈን እየተጫወተ ነው፣ ዓለም የሚያውቀው የጭፈራ ዘፈን። ድምፁ እንዲጨመርለት ይጠይቃል፣ አሁንም ይጨመር ይላል፣ አብሮ እየጮኸ ይዘፍናል። ያልሽው ልክ ነው፣ ተዋናዩ ይታያል። ነገር ግን ይህን ከኪራ ጋር ካለው ልዊስ አጠገብ አስቀምጪው። እዚያ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ቃላቱን ይቆጥራል፣ ጤነኛ ሰው እንዴት እንደሚቀመጥ እያስታወሰ የሚቀመጥ ይመስላል። ትልቁ ትወና ይኸኛው ነው፤ ጤነኛ ለመምሰል የሚታገልን ሰው ይጫወታል፣ ትግሉም ልክ በሚያስፈልገው መጠን ብቻ ይታያል። ከመጠን ቢያልፍ ሊን ባየችው ነበር፤ ቢጎድል እኛ ባላየነው። ከሦስት ዓመት በፊት በቴሌቪዥን ተከታታዩ «ባንድ ኦቭ ብራዘርስ» ውስጥ እርጋታው የማይናወጥ የጦር መኮንን ሆኖ የሠራው ይኸው ሰው ነው። እርጋታን እንዴት እንደሚያሳይ ያውቅ ነበር፤ እዚህ እርጋታን እየተበደረ ያሳያል።

ተጠራጣሪዋ፦ እሺ፣ ምስክሩን ከራሱ ቤት ልጥራ። ከፊልሙ ፕሮዲዩሰሮች አንዱ ስቲቨን ሶደርበርግ ነው። ኬሪጋን የቆረጠውን ካየ በኋላ ያንኑ ቀረጻ እንደገና ቆርጦ ሌላ ቅጂ አዘጋጀ፣ ከዋናው አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ያጠረ። በዲቪዲውም ላይ አብሮ ወጣ። ፕሮዲዩሰሩ ራሱ መቀስ ያነሣበትን ፊልም አንተ ከዚህ አንዲት ነገር አይነሣም ትለኛለህ።

አድናቂው፦ ለኔ ክርክር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። ሥነ ጥበብ ውስጥ እንዲህ ያለ ፈተና ብዙ አይገኝም፤ ያው ተዋናይ፣ ያው ቀረጻ፣ ቅደም ተከተሉና ርዝመቱ ብቻ የተለወጠ። በሶደርበርግ ቅጂ እናትና ልጅ ቀደም ብለው ይመጣሉ፤ የጣቢያው ፍለጋ ወደ ኋላ ይገፋል። እንዲህ ሲሆን በመጀመሪያ የምናገኘው አንዲት ድሀ እናትና ትንሽ ልጇ አጠገብ የሚያንዣብብ እንግዳ ሰው ነው። ከዚች ልጅ ምን ይፈልጋል ብለን እንሰጋለን፤ በኋላ ልጅ እንዳጣ ስናውቅ «ለካ እንዲህ ነው» እንላለን። ውጥረቱ የጠበበ ነው፣ አልክድም፤ ለአንዳንድ ተመልካች ሊሻል ይችላል። ግን ጥርጣሬ ቀድሞ ማብራሪያ ሲከተል ማብራሪያው ጥርጣሬውን ይፈውሰዋል፤ ተመልካቹም የሐኪሙን ወንበር መልሶ ያገኛል። ኬሪጋን ያደረገው የዚህን ተቃራኒ ነው። የፊልሙን ሲሶ ያህል ከሰውየው ኀዘን ጋር ብቻ ያቆየናል፤ አብረነው እንፈልጋለን፣ ጩኸቱን እንለምደዋለን፣ ከእሱ ወገን እንሆናለን። ከዚያ በኋላ ነው በሕይወት ያለች ልጅ የምትመጣው። ያዘንንለትን ሰው ለእሷ ስንል መጠርጠር አለብን። ኀዘኔታችን ነገሩን አያቀልልንም፤ ያከብደዋል። ሁለቱን ቅጂዎች ያየ ሰው የመጀመሪያው ሲሶ ለምን እንደዚያ እንደረዘመ አይጠይቅም።

ተጠራጣሪዋ፦ ወደ ሊን እንምጣ። ሆቴል ውስጥ ያወቀችውን ሰው፣ ያውም በጥቂት ቀን፣ ልጄን ያዝልኝ የምትል የትኛዋ እናት ናት? ታሪኩ እንዲሄድ እሷ ግዴለሽ መሆን አለባት። ደራሲው የወንዱን ሥቃይ ከላይ እስከ ታች ዘርዝሮ ሲያበቃ ለሴቲቱ የሰጣት ይህንን ነው።

አድናቂው፦ ግዴለሽ አይደለችም፤ አመጣጡን ተመልከቺ። በመጀመሪያ የጎደላት ገንዘብ ነው፣ እሱም ይሰጣታል። እየተጠራጠረች ነው የምትቀበለው። ልጇን ከትምህርት ቤት እንዲያመጣላት የምትጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው፤ ከዚያም በኋላ ነው ባሏ ወዳለበት ወደ ኦልባኒ ስትሄድ አደራው የሚረዝመው። በየደረጃው አማራጯ ምን እንደነበረ ጠይቂ። እንግዳ ሰው ሁሉ ለጊዜው በሚያድርበት ሆቴል አክስት የለች፣ የምታውቀው ደጅ የለም። ልጇን ክፍል ቆልፋባት ትሂድ? ወይስ ከዚያ ሆቴል ሊያወጣት የሚችለውን ጉዞ ትተወው? ገንዘብ ያለው ቤተሰብ ለልጁ ጠባቂ ሲፈልግ የሥራ ምስክር ወረቀት ያያል፣ የቀድሞ አሠሪ ይጠይቃል፣ ደላላም ቢሆን መሐል ይገባል። ድሀ የሚያምነው በዓይኑ ነው። ሊን ዓይኗን ተጠቅማለች፤ ያየችው ሰው ደግሞ፣ እሷ ፊት ባለበት ሰዓት፣ ትሑትና ጠንቃቃ ነበር። ኤሚ ራያን ይህችን እናት የምትጫወታት ይቅርታ ሳትለምንላት ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2007፣ «ጎን ቤቢ ጎን» ውስጥ ልጇ የጠፋባትን እናት ሆና ሠርታ ለኦስካር ታጭታለች፤ ያ ፊልም እናቲቱ ለልጇ ትገባለች ወይ የሚለውን ጥያቄ መሐሉ ላይ ያቆማል። ኬሪጋን ሊንን እንዲህ ባለ ችሎት ፊት አያቆማትም።

ተጠራጣሪዋ፦ ያ ገንዘብ ግን ምን ነበር? ልግስና ነው ወይስ ወደ ልጅቱ የሚያስገባ ክፍያ?

አድናቂው፦ ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። እሱ ራሱ የሚለየው አይመስለኝም፤ ፊልሙም ለይቶ የሚያውቅ መስሎ አይታይም።

ተጠራጣሪዋ፦ እንግዲያው መጨረሻውን እንይ። ሊን ልጇን ይዛ ወደ ባሏ ልትሄድ ነው። ኪን ይህን ካወቀ በኋላ ኪራን ወደ ፖርት ኦቶሪቲ ይወስዳታል። የራሱ ልጅ ጠፋችበት ባለው ቦታ ብቻዋን ትቷት፣ ሌባው ይመጣ እንደሆነ ራቅ ብሎ ይጠብቃል። የሰው ልጅ ለማጥመጃ ዋለች። ከዚያስ? እሱ ያለቅሳል፣ እሷ ታባብለዋለች፣ እንደሚዋደዱ ይነጋገራሉ፣ ፊልሙ ያልቃል። ሁለት ጊዜ ተጠቀሙባት፤ አንዴ ሰውየው ለሕመሙ፣ አንዴ ዳይሬክተሩ ለእንባችን። የሰባት ዓመት ልጅ ትልቅ ሰው ማዳን ስታውቅ ማየት የምንወደው የኛን ዕዳ ስለምትከፍልልን ነው። ፊልሙ ስለ አደራ ነው ካልከኝ ደግሞ ራሱ መልሱን ሰጥቷል። ሰውየው አደራ በላ ነው። መጀመሪያ የፈራነው ፍርሃት ልክ ነበር።

አድናቂው፦ አደራ በላ መሆኑን አልከራከርም፤ ላለሳልሰውም አልፈልግም። በፊልሙ ውስጥ ካደረገው ሁሉ የከፋው ይህ ነው። ግን በምን አኳኋን እንዳደረገው እንይ። ፊልሙን ሁሉ እጁን ስንጠብቅ ቆየን፣ መጠጡን፣ ድንገት የሚገነፍል ንዴቱን። አደጋው ከዚያ አልመጣም። የመጣው ተረጋግቶ፣ ዕቅድ አውጥቶ፣ አንድን ነገር በዓይኑ ለማረጋገጥ ሲነሣ ነው፤ ልጅ እንዴት ከእጅ እንደምትወጣ ማየት ፈለገ። ይህ ደግሞ ስለ «እብድ ይማታል» ላነሣሽው ክስ ከበፊቱ የተሻለ መልስ ነው። ጭፍን ፍርሃት የሚጠብቀው ዱላ ነው፤ ፊልሙ ግን ጉዳቱን ከፍቅሩና ከአስተሳሰቡ ያመጣዋል። የፈራነው ልክ ነበር ስትዪ መደምደሚያው ልክ ነበር ማለትሽ ነው፤ ምክንያቱ ልክ አልነበረም። ስለ ኪራ ማባበልም አንድ ነገር አትርሺ። ምን እንደተደረገባት አታውቅም። የምታየው የሚያለቅስ ወዳጇን ነው። ብታውቅ ታባብለው ነበር ወይ የሚለውን ጥያቄ የምንሸከመው የምናውቀው እኛ ነን፤ ስለዚህ ቃሏ እንደ ምሕረት አይወርድልንም። ደግሞም ከዚያ በኋላ ዳነ የሚል ምልክት የለም፣ አንድ ደቂቃ እንኳ አይጨመርልንም። ልጅ ትልቁን ሰው የምታድንባቸው ፊልሞች እንዲህ አያልቁም፤ በማግሥቱ ጠዋት ፀሐይ ይወጣላቸዋል።

ተጠራጣሪዋ፦ ልጅቱ ባለማወቋ የምናፍረው እኛ ነን ማለትህ ነው። ይሁን። ግን ያ ሁሉ ማመዛዘን ለተቀመጠ ሰው ነው። እንዲህ ልጠይቅህ፤ አንተ ልጅ ትሰጠዋለህ?

አድናቂው፦ አልሰጠውም። ከጣቢያው በኋላ ብቻ አይደለም፣ ከዚያ በፊትም አልሰጠውም። የሚያስቸግረኝ ግን እምቢታዬ የተወሰነው ኪራን ገና ሳያውቃት በፊት መሆኑ ነው። ከእሷ ጋር ያሳለፈው እያንዳንዱ ሰዓት፣ የመጨረሻው ቀን እስኪመጣ ድረስ፣ እምቢታዬን የሚያስለውጥ ማስረጃ ነበር፤ እኔ ግን አንዱንም አልቆጠርኩለትም። መጨረሻ ላይ ትክክል ሆኜ ተገኘሁ። ትክክል ሆኖ መገኘት ደግሞ ከዚያ በፊት የነበረውን ሚዛን ትክክል አያደርገውም፤ ሌላ ኪን፣ ጣቢያው ያልደረሰ ኪን ቢሆንም ያው እምቢታ ይጠብቀው ነበር።

ተጠራጣሪዋ፦ ይጠብቀው። ሕፃን የያዘ ሰው ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን ቢያዘነብል ምንም ነውር የለበትም፤ ለሰውየው ፍትሕ ሲባል ልጅ ለፈተና አትቀርብም። አንተ የምትጨነቅበት ነገር የሚጨነቁበት ጊዜ ላለው ሰው ነው። ሊን ያ ጊዜ አልነበራትም። እንግዲህ ዋናው ነገር ቸግሯት ባታውቀውም ማመኗ ከሆነ፣ ፊልሙ የእሷ መሆን ነበረበት። ካሜራው ከእሷ ጋር አውቶቡስ ተሳፍሮ ወደ ኦልባኒ ይሂድ፣ ልጇን ትታ የሄደች ሴት በመስኮት ስታይ ምን እንደምታስብ ያሳየን። ኤሚ ራያን እዚያው ነበረች። ዳይሬክተሩ ግን ከወንዱ ፊት መነሣት አልፈለገም።

አድናቂው፦ ያ ፊልም ቢሠራ ቀድሜ የማየው እኔ ነኝ። ግን ሌላ ፊልም ነው። ካሜራው ከሊን ጋር ቢሄድ የምናውቀው እሷ የምታውቀውን ያህል ብቻ ይሆን ነበር፤ ስትመለስ ልጇን በሰላም ታገኛታለች፣ እኛም ደግ ጎረቤት አገኘች ብለን እንወጣ ነበር። ኬሪጋን ያስቀረን እሷ ልታየው በማትችለው ወገን ነው፤ አደራ የተሰጠው ሰው አደራውን ይዞ ብቻውን በሆነበት ሰዓት። አደራ ሰጪ ያንን ሰዓት መቼም አያየውም።

ተጠራጣሪዋ፦ ስለዚህ የጣቢያውን ነገር የምናውቅ እኛ ነን፤ የሚመለከታት ሊን ግን መጨረሻው ላይ የለችም። የምከስሰው በዚህ ነው። ለሷ የሚገባውን እውነት ለኛ ሰጥቶ እሷን ከነገሩ አስወጣት።

አድናቂው፦ ክሱን እሰማዋለሁ፣ ፍርዱን ግን አልቀበልም። ሊን እዚያ ብትቆም ኖሮ መቆጣቱም ይቅር ማለቱም የእሷ ይሆን ነበር፤ እኛ ዳር ሆነን እናይ ነበር። ማን ምን ሊባል እንደሚገባው ሳንወስን ከሲኒማ ቤቱ መውጣት ያቃተን እሷ ስለሌለች ነው።